ለጨቅላ የተሰጠውን ለታዳጊ መከልከል



ከሁለት ወር በፊት ከጀርወል አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። በሳውዲ ያላችሁ ጀርወልን አታጡትም፤ መካ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ መካ እንዲገባ የአገሩ ሕግ አይፈቅድም፤ ካህንም እዚያ ሊደርስ አይችልም። እኅታችን ግን ደላላ ባወጣላት ስም፣ ማተቧን አውልቃ፣ የሰው ቤት እያጸዳች እዚያ ትኖራለች። ይህን የማነሣው አካሄዱን ለማወደስ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ በምን ዓይነት መንገድ እንዳለፋችሁ ስለማውቅ ነው። መልእክቷ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት በሹክሹክታ ነው የምትናገረው። «አባ፣ ልጄ ዘንድሮም አልቆረበም፤ ለከርሞ ይሁን ብለውታል» አለች። ከዚያ ዝም አለች፤ የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ተሰማ፤ መልእክቱም አለቀ።

ልጇ አዲስ አበባ ከአያቱ ጋር ይኖራል። 12 ዓመቱ ነው፤ ከዳውን ሲንድሮም ጋር የተወለደ ልጅ ነው። በተወለደ በ40 ቀኑ በግዕዝ ሥርዓት ተጠምቋል፤ በዚያው ዕለትም ቅዱስ ሜሮን ተቀብቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርተ ክርስቶስ ተከታትሏል። በየዓመቱ መጨረሻ ፈተና አለ፦ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ዐሥርቱ ትእዛዛት፤ ሁሉም በቃል። እርሱ «አቡነ» ካለ በኋላ መምህሩን እያየ ይስቃል። ዘንድሮ ከእርሱ በኋላ የገቡ የ7 ዓመት ልጆች ነጭ ለብሰው ሲሰለፉ፣ እርሱም ተነሥቶ እጆቹን እንደ እነርሱ አጋጥሞ ተሰለፈ። አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ ከሰልፉ አወጣው። አያቱ የቀረውን ቅዳሴ ከደጅ ቆመው አስቀደሱ።

የቁምስናውን ስም አልጽፍም። ብጽፈው «የእነ እገሌ ጥፋት ነው» ብላችሁ ትገላገላላችሁ፤ ነገሩ ግን የእነ እገሌ ብቻ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ። በክህነቴ ሁለተኛ ዓመት፣ አንዲት እናት መናገር የማትችል ልጇን ታቅፋ መጥታ እንዳቆርብላት ለመነችኝ። ከብዙ ዓመት የዘርዐ ክህነት ትምህርት በኋላ ያገኘሁት መልስ የሚከተለው ነበር፦ «እርሷ እኮ መልአክ ናት፤ ቁርባን አያስፈልጋትም።» እናቲቱ እጄን ስማ ሄደች። ቃሌ ደግነት መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ሳትቆርብ እንዳረፈች የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ መጀመሪያ በእኔ ላይ የተጻፈ ነው። ቢሆንም በእናንተም ላይ ነውና ታገሡኝ።

ስለ እነዚህ ልጆች ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንናገረው በርኅራኄ ቋንቋ ነው፤ «ያሳዝናሉ»፣ «እግዚአብሔር ይርዳቸው» እንላለን። እኔ ግን እዚህ የምከራከረው ስለ ርኅራኄ አይደለም። ስለ ሥርዓታችን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያን ከሮማ መንበር ጋር በአንድነት የምንኖር፣ የራሳችን ሕግና ሥርዓተ አምልኮ ያለን የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ነን። በምሥራቁ ትውፊት ጥምቀት፣ ሜሮንና ቅዱስ ቁርባን የሚለያዩ አልነበሩም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀው፣ ሜሮን ተቀብተው፣ ካህኑ በዕርፈ መስቀል ከክቡር ደሙ ጠብታ ያቀምሳቸው ነበር። ያ ጨቅላ ጸሎተ ሃይማኖት ያውቅ ነበርን? የእናቱን ጡት ከማወቅ በቀር ምን ያውቅ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ግን አልፈተነችውም፤ በራሷ እምነት ተሸክማ አቀረበችው።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖናዎች ሕግ በቀኖና 697፣ ወደ ድኅነት ምሥጢር የመግባት ጉዞ የሚፈጸመው ቅዱስ ቁርባንን በመቀበል ስለሆነ፣ ከጥምቀትና ከሜሮን በኋላ በተቻለ ፍጥነት እንዲሰጥ ያዝዛል። ቀኖና 710 ደግሞ ሕፃናት ከጥምቀትና ከሜሮን በኋላ ስለሚቀበሉት ቁርባን እያንዳንዷ ቤተ ክርስቲያን የራሷን የሥርዓተ አምልኮ መጻሕፍት እንድትከተል ይደነግጋል። በብዙ ቁምስናዎቻችን ቁርባንን ወደ 7 ዓመት ገደማ የማዘግየት ልማድ የመጣው ከላቲን ሥርዓት ነው። ልማዱን አልረግምም፤ እኔም በዚያው መንገድ ነው የቆረብሁት፤ ነጩን ሸሚዜን ዛሬም አስታውሳለሁ። ነገር ግን የተዋስነውን ልማድ እንደ አጥር አቁመን፣ የራሳችን ሥርዓት ምንም ለማያውቅ ጨቅላ የሰጠውን «አያውቅም» ብለን ለ12 ዓመት ልጅ ስንከለክል፣ ተበዳሪ ሆነን ከአበዳሪው በላይ ጨክነናል።

አበዳሪው ራሱ እንዲህ አልጨከነምና። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1910 «ኳም ሲንጉላሪ» የተባለውን ድንጋጌ ሲያወጡ፣ በዚያን ጊዜ ልጆችን እስከ 12 እና 14 ዓመት ያቆዩ የነበሩትን እየገሠጹ ነበር። የሚፈለገው ሙሉ የትምህርተ ክርስቶስ ዕውቀት አይደለም አሉ፤ ልጁ የቁርባኑን ኅብስት ከተራው እንጀራ መለየት ከቻለ ይበቃል። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ቅዱስ ቁርባን በጻፉት ቃለ ምዕዳን፣ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው የተጠመቁና ሜሮን የተቀበሉ ሰዎች በተቻለ ሁሉ እንዲቆርቡ አሳስበዋል፤ እነርሱ የሚቀበሉት በቤተሰባቸው ወይም አብሯቸው በሚጓዘው ማኅበር እምነትም ጭምር እንደ ሆነ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያም አካል ጉዳተኞችን ከምሥጢራት ማንም ሊከለክላቸው እንደማይችል በግልጽ ያስቀምጣል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ደግሞ በሰኔ 2016 (እ.ኤ.አ.) ስለ አካል ጉዳተኞች በተደረገ ጉባኤ ላይ ሲናገሩ የፒዮስ 10ኛን ነገር አንሥተው ነበር። ያን ጊዜም ብዙዎች «ልጁ አይገባውም» ብለው ተሰናክለው እንደ ነበር፣ ልጅ ግን በሌላ መንገድ እንደሚገባው አስታወሱ። ሁሉን የማይቀበል ቆሞስ ካለ የቤተ ክርስቲያኑን በር ቢዘጋ እንደሚሻል፣ ወይ ሁሉም ወይ ማንም እስከ ማለት ደርሰዋል።

ላቲኑም ምሥራቁም አንድ ቃል ከሆነ ታዲያ፣ ያን ልጅ ከሰልፍ ያወጣው እጅ የማንን ሕግ ነው ያስከበረው?

«አባ፣ ቅዱስ ጳውሎስስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሰው ራሱን ፈትኖ ይብላ፣ የጌታን ሥጋ ሳይለይ የሚበላ ፍርድን ይበላል ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ያን ምዕራፍ ከጥቂት ቁጥሮች በላይ ጀምራችሁ አንብቡት። ጳውሎስ የተቆጣው በማን ላይ ነበር? ጸሎት በቃል ባላጠኑት ላይ አይደለም። ቀድመው መጥተው የሚበሉ፣ የሚሰክሩ፣ ምንም የሌላቸውንም የሚያሳፍሩ ሰዎች ላይ ነው። በቆሮንቶስ ሥጋውን ያልለየው በጉባኤው መካከል ወንድሙን ያዋረደው ነበር። በዚያ እሑድ፣ በዚያ ቁምስና፣ የክርስቶስን አካል ያልለየው ማን እንደ ነበር እናንተው ፍረዱ፤ እጆቹን አጋጥሞ የተሰለፈው ልጅ አይመስለኝም።

ደግሞ ስለ «መለየት» ስናወራ፣ የ7 ዓመቱ ልጅ ምን ያህል ይለያል? የ50 ዓመቱስ? እኔ ሥጋ ወደሙን በየቀኑ በእጄ እይዛለሁ፤ ያዝሁት ነገር ምን እንደ ሆነ በእውነት ገብቶኛል ብል እዋሻለሁ። ኅብስቱ ለምን ሥጋው እንደሚሆን ማስረዳትና ከማን እጅ ምን እንደምንቀበል ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያ ልጅ አያቱ ሲቆርቡ ዝም ይላል፤ በቀረው ቅዳሴ ግን ዝም አይልም። ይህን የነገሩኝ አያቱ ናቸው። እንግዲህ ፒዮስ 10ኛ የጠየቁት መለየት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልምጣ፤ የእኔ ወገን ወደ ነበረው። «መልአክ ነው፣ ኃጢአት የለበትም፣ ቁርባን ምን ያደርግለታል» የሚለው ቃል ከፈተናው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም እንደ ምስጋና ይሰማል። ቁርባን ለኃጢአተኛ ብቻ የሚታዘዝ መድኃኒት ከሆነ እመቤታችን ማርያም ምንድን ናት? ቁርባን ከክርስቶስ ጋር አንድ መሆን ነው። መላእክት አይቆርቡም፤ የሚቆርበው ሰው ነው። ልጁን መልአክ ስንለው ሳናውቀው ከሰው ጉባኤ እናስወጣዋለን። «መልአክ» የሚሉት ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዚያው «የእናቱ ኃጢአት ነው»፣ «መተት ነው» ብለው በጓዳ የሚያንሾካሹኩት ናቸው። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ ጥፋቱን ለእርሱም ለወላጆቹም እንዳልሰጠ ሁላችንም በስብከት እንሰማለን፤ ከስብከቱ ወጥተን ግን ስንት እናቶች ልጃቸውን በር ዘግተው እንዲያሳድጉ እናደርጋለን።

በአገራችን ይህን በር የከፈቱት ከእኛ ቀድመው ሌሎች ናቸው። ዘሚ የኑስ በልጇ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትመሠርት፣ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር እንግዳ ነገር ነበር። ተናገረች። ልጇንም ደብቃ አላኖረችም። አንዲት እናት ለትምህርት ያደረገችውን እኛ ለመንበረ ታቦታችን ማድረግ አቅቶናል፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ይሁን እንጂ «ዝም ብላችሁ አቁርቡት» እያልሁ አይደለም። ዝግጅት ያስፈልገዋል፤ መብቱም ነው። ምንም አያውቅም ብሎ ያለ ዝግጅት ማቅረብ ሌላው የንቀት መልክ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ያለ ደመወዝ፣ ቅዳሜአቸውን ሠውተው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚፈሩትም ቅዱሱ ሥጋ እንዳይወድቅ፣ ልጁ እንዳይተፋው ነው። ፍርሃታቸው ከአክብሮት የመጣ ነውና አልንቀውም። መልሱ ግን መከልከል ሳይሆን ማለማመድ ነው።

በቃል የሚጠና ነገርን ተዉት። ትምህርቱ በእጅ፣ በዓይን፣ በዜማ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ የጌታን ሥዕል አኑሩ። ከተቻለ ሻማ አብሩ፤ ካልተቻለ ይቅር። በትእምርተ መስቀል ጀምሩ፤ እጁን ይዛችሁ አማትቡለት፣ ከወራት በኋላ ራሱ ያማትባል። አንድ አጭር ዜማ ምረጡ፤ አትለዋውጡት። ከዚያ ያልተባረከ ተራ ኅብስት በጣም ትንሽ ቆርሳችሁ እንዴት እንደሚቀበል፣ አፉን እንዴት እንደሚከፍት፣ እንዴት ዝም ብሎ እንደሚውጥ አሳዩት። አንዳንድ ልጆች የምግቡን ልስላሴ ወይም ሻካራነት ስለማይወዱ ይተፋሉ፤ ይህ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች የታወቀ ነገር እንጂ አለማክበር አይደለም። እያደር ይለምዱታል። ፈጽሞ መዋጥ ለማይችለው ደግሞ ከክቡር ደሙ ጠብታ ይበቃዋል፤ ክርስቶስ በኅብስቱም በጽዋውም ምሉእ ነውና። ዕርፈ መስቀሉ ለዚህ ነው በእጃችን ያለው። ሌላው እንጀራ ሲበላ እንደሚጫወት፣ በዚህ ጨርቅ ላይ ሲሆን ግን እንደሚረጋጋ የምታዩበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ለካህኑ ንገሩት። እርሱ የሚጠብቀው ምልክት ያ ነው፤ የሚያምን ካህን ከሆነ።

ስለ ንስሓም ትጠይቁኛላችሁ። ኃጢአትን ከስሕተት መለየት የማይችል ልጅ እንዲናዘዝ አይገደድም። መለየት የሚችል ግን ንግግር የሌለው ከሆነ፣ በእጁ ምልክት፣ በሥዕል እየጠቆመ ይናዘዛል። በዚህ መንገድ የተናዘዙ ልጆችን ሰምቻለሁ። ከብዙ ተናጋሪ ጎልማሶች ይልቅ አጭርና እውነተኛ ነበሩ።

በጂዳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትኖሩ ደግሞ የተለየ ቃል አለኝ። የእናንተን ነገር በጥንቃቄ ነው የምጽፈው፤ ቦታና ሰዓት አልጠቅስም፣ እናንተም አትጻፉልኝ። በሳውዲ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ የሰሜን ዓረብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት መንበር በባሕሬን ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የተቀደሰው በአዋሊ የሚገኘው የዓረብ እመቤታችን ካቴድራል ከጂዳ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ኢቃማ የሌለው ሰው ሊያስበው አይችልም። ስለዚህ «አገር ስንገባ ይቆርባል» ትላላችሁ። የአገር መግባቱን ቀን ማን ያውቀዋል? እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በተጀመረው ዘመቻ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ቀኑን የመረጡት እነርሱ አልነበሩም። ሌላውን ልጃችሁን «አገር ስንገባ ይማራል» ብላችሁ ፊደል ሳታስቆጥሩ አታስቀምጡትም። ለዚህኛው ብቻ ለምን ይቆያል? ቤታችሁ ያለው ነጭ ጨርቅ ፈቃድ አይጠይቅም። ዝግጅቱን ዛሬ ጀምሩ፤ ካህን የሚገኝበት ቀን ሲመጣ ተዘጋጅቶ ያግኘው።

ሌላም አለ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ካህን የላቲን ሥርዓት ነው፤ አብረዋችሁ የሚጸልዩት ፊሊፒናውያንና ሕንዳውያን ናቸው። ልጃችሁ በግዕዝ ሥርዓት የተጠመቀ ከሆነ ሜሮንን ተቀብቷልና ደግሞ አይቀባም፤ ይህን ለካህኑ ንገሩት፣ የጥምቀቱን ምስክር ወረቀት ከአገር አስመጡ። በሌላ ሥርዓት እረኛ ሥር ብትኖሩም በቀኖና 38 መሠረት የራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን አባላት ሆናችሁ ትኖራላችሁ። «በእኛ ሥርዓት ጨቅላም ይቆርባል» ብላችሁ በትሕትና ለመናገር አትፈሩ። አንዳንዱ ካህን ይገረም ይሆናል፤ ይገረም።

እንደ ጀርወሏ እኅታችን ልጃችሁን አገር ትታችሁ ለምትሠሩት ደግሞ፦ የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ የመድኃኒቱን ዋጋ የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ትምህርት ቤቱ ልጁን ቢያባርረው ደውላችሁ ትጮኻላችሁ። ከማዕዱ ሲባረር ግን «አባቶች ያውቃሉ» ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። አባቶች ሁልጊዜ አያውቁም፤ እኔ አላወቅሁም ነበር። ያቺ እናት እጄን ስማ ከምትሄድ ይልቅ ብትከራከረኝ ኖሮ እወድ ነበር። ለቆሞሱ ደውሉ። ካልሰማችሁ ለጳጳሱ ጻፉ። በአክብሮት፣ ግን ጻፉ። ከላይ የጠቀስኋቸውን ቀኖናዎች ቁጥራቸውን ገልብጣችሁ ላኩ፤ የእናት ደብዳቤ ቀኖና ሲጠቅስ ማየት ለእኛ ለካህናት ይጠቅመናል።

ለጀርወሏ እኅታችን መልሼ የነገርኋት ይህንኑ ነው። ለቆሞሱ እኔም ደወልሁ፤ መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ «ላስብበት» አለኝ። እስካሁን እያሰበበት ነው። አያትየው ግን አልጠበቁትም። ዓርብ ዓርብ ማታ ጠረጴዛቸው ላይ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ስልኩን በስኳር ዕቃ ደግፈው ያቆሙታል። በጀርወል እናትየው ከሥራ ስትፈታ በር ዘግታ፣ የስልኩን ድምፅ አጥፍታ ትመለከታለች። ባለፈው ሳምንት አያትየው ዳቦ ቆርሰው ሲሰጡት ልጁ መጀመሪያ ወደ ስልኩ ዞረ፤ ከቁራሹ ላይ ግማሹን ቆርሶ ወደ እናቱ ምስል ዘረጋ። እርሷም ድምፅ በሌለው ስልክ አፏን ከፈተች።